ጎታው ባዶ ሲሆን
በክረምት ስለሚሰበሰቡ እናቶችና በችግር ጊዜ ስለሚጸና እምነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንደምናውቀው ቤተ ክርስቲያናችን ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ጊዜ ዘመነ ክረምት ብላ ትጠራዋለች። ክረምቱንም ከፋፍላ ታስበዋለች። መጀመሪያው ዘር የሚዘራበት፣ ደመና የሚከብድበት ነው። ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው መብረቅና ነጎድጓድ፣ ባሕርና አፍላግ የሚነሡበት ነው። ከነሐሴ 10 እስከ 27 ያለው ደግሞ ዕጕለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል። ዕጕለ ቋዓት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው፤ ደሰያት ደሴቶች፣ ዓይነ ኵሉም የሁሉ ዓይን ማለት ነው። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሚውል አንድ እግሩን በነጎድጓዱ፣ አንድ እግሩን በቁራ ጫጩቶቹ ዘመን ላይ አድርጎ የቆመ ጾም ነው ማለት እንችላለን።

የቁራ ጫጩት ለምን በክረምት ይነሣል? መምህራን ሲተርኩ ቁራ እንቁላሏን ፈልፍላ ጫጩቶቿን ስታይ መልካቸው እንደርሷ ጥቁር ስላልሆነ የኔ አይደሉም ብላ ትሸሻቸዋለች ይላሉ። እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ሲጮኹ እግዚአብሔር ጥቃቅን ተሐዋስያንን ወደ አፋቸው እየላከ ያሳድጋቸዋል። መዝሙረኛው ዳዊትም ወደ እርሱ ለሚጮኹ ለቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን የሚሰጥ አምላክ መሆኑን መስክሯል (መዝ. 146፥9)። የሁሉ ዓይን እርሱን ተስፋ እንደሚያደርግም እዚያው መጽሐፍ ላይ እናገኛለን (መዝ. 144፥15)። አባቶቻችን ይህን ትምህርት በጥቅምት ወይም በጥር አላኖሩትም። ጎታ በሚራቆትበት፣ የዱሮው እህል አልቆ አዲሱ ገና በቡቃያ ባለበት ወር ላይ አኖሩት። አባቶች የገበሬውን ቤት ያውቁት ነበር።

በማሻ፣ በመካነ ሰላምና በቦረና ደጋ፣ ወደ ሳይንትም ከፍ ሲባል ክረምት ምን እንደሚመስል ለዚያ አገር ሰው አይነገረውም። ጉም ከዓባይ ሸለቆ ተነሥቶ ደጁን ሲሸፍነው ጎረቤት ከጎረቤት አይተያይም። ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ኩበቱ እርጥብ ነው፣ ምድጃው ይጨሳል። በልጉ የሰመረ እንደሆነ ትንሽ ገብስ ይገኛል፤ በልጉ የቀረ እንደሆነ ግን ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ያለው ቀን ረጅም ነው። ያን ቀን የምትቆጥረው ደግሞ ከሁሉ በፊት እናት ናት። ስንት ቁና እንደቀረ፣ ስንት አፍ እንዳለ፣ ለዘር የተለየው የትኛው እንደሆነ የምታውቅ እርሷ ናት።

የእናቶች ጥያቄ

አንድ የፍልሰታ ቀን የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ከተሰማ በኋላ ዝናቡ አላስወጣ ብሎ እናቶች ደጀ ሰላሙ ሥር ተሰብስበው ቁጭ ብለው ነበር። ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሕፃናቱን በጉያቸው ይዘው። ከመካከላቸው አንዲቱ ካህኑን እንዲህ ስትል ጠየቀች፦

«አባታችን፣ ይቅር ይበሉኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ጾም ማለት ያለውን መተው ነው ይላሉ። እኛ እኮ ድሮም የምንተወው የለንም። ቤታችን ባዶ ስለሆነ ጦማችንን ውለን ሲያበቃ ጾምን ብንል እግዚአብሔር ይቀበለናል ወይስ እያታለልን ነው?»

ሌሎቹ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን የደስታ አልነበረም። ሁሉም ያው ጥያቄ በሆዳቸው ነበርና።

ካህኑ ቶሎ አልመለሱም። ቆይተው እንዲህ አሉ፦ «ልጄ፣ መራብና መጾም አንድ አይደለም። ረኃብ ብቻውን ጾም ቢሆን ኖሮ እንስሳውም ጾመኛ በተባለ ነበር። ግን ያንኑ ረኃብሽን ይዘሽ እዚህ መጥተሽ ስትሰግጂ፣ ከዚያችው ከምትቀምሻት ላይ ለጎረቤት ልጅ ስታካፍዪ፣ አፍሽን ከሐሜት ስትከለክዪ፣ ያ ረኃብ መሥዋዕት ሆነ ማለት ነው። ያለው ሰው እንጀራውን ይሰጣል። አንቺ እንጀራ ስለሌለሽ ማጣትሽን ሰጠሽ። የትኛው እንደሚከብድ እርሱ ያውቃል።»

ይህ መልስ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ከጻፈው ጋር የተስማማ ነው። ስጦታ የሚወደደው ሰው በሌለው ነገር ሳይሆን ባለው ነገር መጠን እንደሆነ ነግሯቸዋልና (2ኛ ቆሮ. 8፥12)። ጌታችንም በመቅደሱ ተቀምጦ የሚጨምሩትን ሲመለከት ሁለት ሳንቲም የጣለችውን መበለት ከሁሉ አብልጦ አመስግኗል (ማር. 12፥41-44)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ለተራበ ሰው «እግዚአብሔር ሲፈትንሽ ነው፣ ታገሺ» ማለት ቀላል ነው፤ በተለይ ተናጋሪው የጠገበ ከሆነ። ሐዋርያው ያዕቆብ የታረዘውንና የተራበውን እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ ብሎ ባዶ እጁን የሚሰድ ሰው ምን ጠቀመ ብሎ የጠየቀው እንዲህ ያለውን ነው (ያዕ. 2፥15-16)። ኢሳይያስም እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስ እንደሆነ ገልጿል (ኢሳ. 58፥6-7)። እንግዲህ ትዕግሥትን ለድኻዋ፣ ምጽዋትን ለባለጸጋዋ መስበክ እንጂ ሁለቱን ለአንድ ሰው ብቻ መጫን አይገባም። እንደዚሁም እርጉዝ የሆነች፣ የምታጠባ፣ የታመመች እናት በራሷ ፈቃድ ከአቅሟ በላይ እየጾመች እንዳትጎዳ፣ በራሷ ፈቃድም ጾሙን እንዳትተው፣ ለንስሐ አባቷ ነግራ በምክራቸው ትሂድ። ቤተ ክርስቲያን ለደካማ የምትራራ እናት ናት።

የሰራፕታዋ መበለት

በክረምት በሚሰበሰቡ እናቶች መካከል ሊነገር የሚገባው ታሪክ የሰራፕታዋ መበለት ታሪክ ነው (1ኛ ነገ. 17)። ብዙ ጊዜ እንሰማዋለን፣ ግን በችኮላ እናልፈዋለን።

በአክዓብ ዘመን ሰማይ ተዘጋ። ነቢዩ ኤልያስ በኮራት ፈፋ ተደብቆ ቁራዎች ምግቡን ያመጡለት ነበር። እነሆ ደግሞ ቁራ! በኋላ ግን ፈፋው ራሱ ደረቀ። እግዚአብሔር ነቢዩን ወዴት ላከው? ወደ ባለጸጋ ቤት መላክ ይችል ነበር፤ በሲዶና አገር ወዳለች፣ ከእስራኤል ወገን ወዳልሆነች፣ ልጅ ወዳላት አንዲት መበለት ላከው። ሲደርስ እንጨት ትለቅማለች። የሠራችውን ሒሳብ ስትነግረው ያሳዝናል፤ በማድጋ እፍኝ ዱቄት፣ በማሰሮ ጥቂት ዘይት እንዳላት፣ ያንን ጋግራ ከልጇ ጋር በልተው ሞታቸውን እንደሚጠብቁ ነገረችው። የወሎ እናት ይህን ሒሳብ ታውቀዋለች። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች ይህንኑ ሒሳብ ሠርተው በየመንገዱ ወድቀዋል፤ የተረፉትም በሰፈራ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ወለጋ የሄዱ፣ ዘመድ ከዘመድ የተለያዩ አሉ። ከዚያም በፊት አያቶቻችን ክፉ ቀን ብለው የሚጠሩት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የነበረው የከብት እልቂትና ረኃብ ነበር። ስለዚህ ይህ የሩቅ አገር ተረት አይደለም።

ኤልያስ ምን አላት? አስቀድመሽ ለእኔ ጋግሪልኝ አላት። እንደ ሰው ስናስበው ከባድ ነው፤ ጭካኔም ይመስላል። ነገር ግን ጠያቂው ጠግቦ የመጣ ሰው እንዳልነበረ እናስተውል። ፈፋው የደረቀበት፣ ስደተኛ፣ እርሱም የተራበ ነበር። ሁለት የተራቡ ሰዎች ናቸው የተገናኙት። እርሷም ሰምታ አደረገች፤ ዱቄቱ ከማድጋው አልጠፋም፣ ዘይቱም ከማሰሮው አልጎደለም።

ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር እዚህ ላይ አለ። ማድጋው ሞላ አልተባለም። አልጠፋም ነው የተባለው። መበለቲቱ በማግሥቱም ስትነሣ ማድጋው ውስጥ ያገኘችው ያንኑ የዕለቷን ነው። እኛ እምነት ሲባል ጎታው ተርፎ ሲፈስስ ማየት እንፈልጋለን፤ ጎታው ካልሞላ ጸሎታችን ያልተሰማ ይመስለናል። እግዚአብሔር ግን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከነሐሴ ወደ መስከረም፣ ከመስከረም ወደ ጥቅምት በማሻገር ነው። አንዳንዷ እናት «እንዴት እንደተሻገርን እኔም አላውቅም» ትላለች። እውነቷን ነው።

ታሪኩ እዚያም አላለቀም። ከዚህ ሁሉ ተአምር በኋላ ልጇ ታመመና ሞተ። መበለቲቱም ነቢዩን ኃጢአቴን ልታሳስብ ልጄንም ልትገድል መጣህብኝን ብላ ወቀሰችው። ኤልያስ ለምን ታማርሪያለሽ አላላትም። ልጁን ከጉያዋ ወስዶ ወደ ሰገነት ወጣና እርሱም በተራው ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ የልጁም ነፍስ ተመለሰች። ስለዚህ እምነት ያላት ሴት አታለቅስም፣ አትጠይቅም የሚል ትምህርት ከመጽሐፍ አይደለም። የሐዘንተኛዋን እንባ በነገር ለመዝጋት የሚቸኩል ሰው ኤልያስን ይመልከት።

ለዘር የተለየው እህል

ስለ ክረምት እናቶች እምነት ሳስብ ከሁሉ የሚገርመኝ የዘሩ ነገር ነው። ልጅ እየራበው፣ ስልቻው ውስጥ ያለው ገብስ ለዘር ነው ተብሎ ሳይነካ ሲቀመጥ፣ እናት በስልቻውና በልጇ መካከል ትቆማለች። በእንባ የሚዘሩ በደስታ እንደሚያጭዱ የተነገረው (መዝ. 125፥5-6) ለዚች ሴት ነው ብል ያጠፋሁ አይመስለኝም። ዘሪው ለምን ያለቅሳል? የሚዘራው የሚበላው ስለሆነ ነው። መሬት ላይ በትኖት፣ በረዶና ውርጭ ይምጣበት አይምጣበት ሳያውቅ፣ ለእግዚአብሔር አደራ ብሎ ይመለሳል። ነቢዩ ዕንባቆምም በለስ ባታፈራ፣ እርሻዎች መብልን ባይሰጡ፣ ላም በጋጥ ባይገኝ እንኳ በእግዚአብሔር ደስ እንደሚሰኝ በጸሎቱ ተናግሯል (ዕን. 3፥17-18)። ይህን ጸሎት ቤተ ክርስቲያናችን ከነቢያት ጸሎት ጋር ይዛው የምትኖረው ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

ጽዋውን የመለሰችው እናት

አሁን ወደ ማኅበራችን እንምጣ። የማርያም ጽዋ ማኅበር በወር በወር በ21 ቀን ይጠጣል። ተረኛዋ ጽዋውን ከወር በፊት ተረክባ ቤቷ ታኖራለች፤ ቀኑ ሲደርስ ዳቦ ጋግራ፣ ጠላ ጠምቃ ማኅበርተኛውን ትቀበላለች። መልካም ሥርዓት ነው። እናቶች ልባቸውን የሚተነፍሱበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነው። ነገር ግን ተራው ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ የሚወድቅባት እናት አለች።

በአንድ ማኅበር እንዲህ ሆነ። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ሰኔ 21 ቀን ጽዋውን ተረከበች። ሐምሌ 21 ማለዳ ጽዋውን በልጇ አስይዛ ለሙሴዋ መለሰች፤ «አሞኛል በሏቸው» ብላ። በሚቀጥሉት ቀናትም ቤተ ክርስቲያን አልታየችም። ማኅበርተኞቹ ማጉረምረም ጀመሩ። አንዷ «ማኅበሩን ንቃው ነው» አለች፤ ሌላዋ «የማርያምን ጽዋ መልሶ መስደድ አይከብድም?» አለች። ሊጠይቃት የሄደ ግን አልነበረም። ነገሩን የገለጠችው እስላም ጎረቤቷ ናት። ገበያ ላይ ከማኅበርተኞቹ አንዷን አግኝታ «እታለም፣ እናንተ ምን ነክቷችኋል? ሴትዮዋ እኮ የምትጠምቅበት ብቅል ቀርቶ ለልጆቿ የምታፈላው የላትም። በኀፍረት ነው የቀረችው» አለቻት።



ጳውሎስ የቆሮንቶስን ክርስቲያኖች ከወቀሰባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። ለማኅበር ሲሰበሰቡ አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይሰክራል፤ ምንም የሌላቸውንም ታሳፍራላችሁን ብሎ ጠይቋቸዋል (1ኛ ቆሮ. 11፥20-22)። የኛ ማኅበር ማንንም ማሳፈር አላሰበም ነበር፤ ዳቦውና ጠላው ግን ዓመት በዓመት እየተለቀ፣ አንዷ ከአንዷ ላለማነስ ስትጨምር፣ ድኻዋ የማትወጣው ዳገት ሆኖ ተገኘ። በስመ ማርያም የተሰበሰበ ማኅበር ለማርያም ልጅ በር ሲዘጋ ማየት ያሳዝናል። እመቤታችን ራሷ እኮ በቤተ ልሔም ማደሪያ አጥታ በበረት የወለደች፣ ሕፃኗን ይዛ ወደ ግብፅ የተሰደደች እናት ናት።

ሐናም ትዝ ትላለች። ቤተሰቡ ሁሉ በሴሎ ለበዓል ተሰብስቦ ሲበላ እርሷ ግን በጣውንቷ ስድብ ልቧ ተሰብሮ አልበላችም። ወደ መቅደስ ገብታ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታለቅስ ካህኑ ዔሊ እንኳ ሰክራለች ብሎ አሰበ (1ኛ ሳሙ. 1)። ከበዓል ማዕድ የራቀች ሴት ስናይ ንቃ ነው፣ ሰክራ ነው ከማለታችን በፊት ምን እንዳለቀሰች እንጠይቅ።

በአገራችንም የሴቶች ጉባኤ በመከራ ጊዜ ምን እንደሚሠራ ያሳየች እናት አለች፤ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ። ሦስት ልጆቿን በሕፃንነታቸው ያጣች፣ ከመኳንንት ወገን የሆነች ሴት ናት። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበለ ጊዜ ባሏ የንጉሡ ባለሟል ነበርና ቤቷንና ክብሯን ትታ ወጣች። በንጉሡ ፊት ቆመች፤ ተጋዘች። በሄደችበት ሁሉ ግን ብቻዋን አልነበረችም። እኅተ ክርስቶስ የምትባል ባልንጀራ ነበረቻት፤ ሌሎችም ሴቶችና ወንዶች ተከተሏት፤ በጣና ዙሪያና በሌላም ስፍራ ማኅበር አቋቁማ በአንድነት አኖረቻቸው። እ.ኤ.አ. በ1642 አርፋለች፤ ገድሏም በ1672 ተጽፏል። በስደት ያለች ሴት ያን ሁሉ ሕዝብ ምን እያበላች ሰበሰበች ብሎ ለሚጠይቅ፣ ድግስ እንዳልነበረ የታወቀ ነው።

ይህን የምንለው ያለ ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልላችን በተነሣው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት፣ ብዙ እናት ልጇ የት እንዳለ ሳታውቅ ሰንብታለች። እንዲህ ባለ ጊዜ ማኅበር የሚፈርሰው በጠላት ብቻ አይደለም፤ በኀፍረትም ይፈርሳል። የሌላት ትቀራለች፣ ያላት ትታማለች፣ ሁለቱም ለየብቻቸው ይሆናሉ።

ወደ እናታችን ነገር ልመለስ። በፍልሰታው ውስጥ፣ ነሐሴ 7 ቀን በጽንሰታ ዕለት፣ ከቅዳሴ በኋላ እነዚያው ማኅበርተኞች በደጀ ሰላም ተቀመጡ። ያጉረመረሙት ሁለቱ ናቸው መጀመሪያ የተናገሩት፤ ይቅር በሉን አሉ። ከዚያ ተመካከሩ። ከሰኔ እስከ መስከረም በሚውለው ማኅበር ጠላ እንዲቀር፣ ንፍሮና ውኃ እንዲበቃ፣ ጽዋውም በውኃ እንዲጠጣ ወሰኑ። ዳቦ ያላት ብታመጣ ለነዳያን እንዲሆን ተስማሙ። በየቤታቸው ካለው አንድ አንድ ጣሳ እህል ተዋጣ፤ ገብስ ያላት ገብስ፣ ባቄላ ያላት ባቄላ። አንዲቱ ያላት ጨው ብቻ ነበርና ጨው ሰጠች፤ እርሱም ተቆጠረ።

እህሉን ማን ይውሰድላት በሚለው ላይ ትንሽ ክርክር ነበር። ሁሉም ቢሄዱ ታፍራለች፤ አንዷ ብቻ ብትሄድ ምጽዋት ይመስላል። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት እማሆይ «እኔ እሄዳለሁ፤ እኔን ማንም አያፍረኝም» አሉ። ማታ በጨለማ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ እህሉን በልጅ አሸክመው ጽዋውን ራሳቸው ይዘው ሄዱ። ደጁ ላይ ቆመው «እመቤቴ ናት የላከችኝ፤ ክፈቺ ልጄ» አሏት። ከፈተች። እህሉን ስታይ አላለቀሰችም። ጽዋውን ስታይ ግን መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ነሐሴ 21 ቀን ማኅበሩ በርሷ ቤት ዋለ። ጎረቤቷም የንፍሮውን እንጨት ይዛላት መጣች፤ እርጥብ ስለነበር ጢሱ ሁሉንም አስለቀሳቸው። ውዳሴ ማርያሙ ተደገመ፣ ጽዋው በውኃ ዞረ፣ የመስከረሟ ተረኛም ተረከበችው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።